አይጧን ማን ገልብጦ አያት?

ቆቦ ከብት ተራ ገብቶ «ላሙ ስንት ነው?» የሚል ሰው ከዋጋው በፊት ሳቅ ይቀድመዋል። ላም «ላሟ» ወይም «ላሚቱ» ናት። በሬ ያርሳል፣ ላም ትታለባለች፤ በሥራም በዋጋም ስለሚለያዩ ቋንቋው ለየብቻ ስም አውጥቶላቸዋል። ወይፈንና ጊደር፣ ድንጉላና ባዝራም እንዲሁ ናቸው። ገበያው እንዲያውም ከሰዋስው አልፎ ይጠይቃል፦ ፍየሉ ወጠጤ ነው ወይስ ሙክት? ለግሱ ግን መኮላሸት ግድ አይሰጠውም፤ ሁለቱም «መጣ» ነው የሚባሉት።

ነገሩ የሚከብደው ጎተራው ሥር ነው። «አይጧ ማሽላውን ጨረሰችው» እንላለን። ማን ገልብጦ አያት? ድመትም ሳትመረመር «መጣች»፣ ንብም «ነደፈችኝ» ናት። ጅብ ግን በጨለማ ድምፁ ብቻ ተሰምቶ «ጅቡ መጣ» ይባላል። ጾታው ካልታወቀ ወይም ካላስፈለገ ትንሹ እንስሳ ወደ ሴት፣ ትልቁና አስፈሪው ወደ ወንድ ያደላል። በተረትም ጦጣ «እመት ጦጢት»፣ ጅብ «አያ ጅቦ» የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው።

ስፓኒሽ የሚማር የቆቦ ልጅ መጀመሪያ ላይ አገሩ የገባ ይመስለዋል። በሬው «ቶሮ»፣ ላሟ «ባካ»፤ ፈረሱ «ካባዮ»፣ ባዝራዋ «ዬጓ»። ለድመት መጨረሻዋን መቀየር ይበቃል፦ ወንዱ «ጋቶ»፣ ሴቷ «ጋታ»። ቀጭኔ ላይ ሲደርስ ግን ይደናገራል። «ላ ሂራፋ» ሁልጊዜ አንስታይ ነው። ወንድ መሆኑን ለመናገር «ማቾ» የሚል ቃል ይጨመርና «ላ ሂራፋ ማቾ» ይባላል፤ እንዲያም ሆኖ ቅጽሉ በሴት እንደተነገረ ይቀራል። ወንዱ ቀጭኔ «ደከመች» እንደማለት ነው! በእኛ ግን «ወንዱ ድመት» ካልን ወዲያው «መጣ» ብለን እንቀጥላለን። እዚያ ጾታው ከቃሉ ጋር ተጣብቋል፤ እዚህ በተናጋሪው ዓይን ይወሰናል።

ዓይኑ ደግሞ ስሜት አለው። የደለበ ሰንጋ አቁሞ ዋጋ የሚያንር ባለከብት ፊት፣ ገዢው «ይቺን በሬ ነው እንዲህ የምትላት?» ቢል ጾታ አልተሳሳተም፤ በሬውን እያሳነሰበት ነው። ያው አነጋገር ለጥጃ ሲሆን ማቆላመጫ ይሆናል። «ሴት» ማለት «ትንሽ» ማለት መሆኑን እኔ አልወደውም፤ ሰዋስው ግን አስተያየቴን አልጠየቀም።

ከራያ ቆላ በስተምሥራቅ ያሉት አፋሮች ሌላ ዘዴ አላቸው። በቋንቋቸው አንዳንድ ስሞች ላይ የድምፁ ጫና ከቃሉ መጨረሻ ሲያርፍ ሴቷን፣ ከመጨረሻው በፊት ሲያርፍ ወንዱን ያመለክታል፤ ወንዱና ሴቷ ውሻ የሚለዩት በዚህ ነው።

ንብ አናቢው ደግሞ ሥርዓቱን ሁሉ ይገለብጠዋል። የቀፎውን እናት ንብ «አውራ» ይላታል፤ ይኸው ቃል ዶሮ ላይ ሲሆን ወንዱን ነው የሚያመለክተው። ሥራ የማይሠራው ወንዱ ንብ ደግሞ የፈረሱን ስም ወስዶ «ድንጉላ» ተብሏል።

ማታ መንጋው ወደ በረቱ ሲመለስ ግን ይህ ሁሉ ልዩነት ይጠፋል። ስፓኒሽ በብዙ ቁጥርም «ጋቶስ» እና «ጋታስ» እያለ ይለያል፤ በአማርኛ በሬዎቹም ላሞቹም፣ ጅቦቹም ሳይቀሩ፣ ያው «መጡ» ናቸው።