የአኳሪየም ውኃን ፒኤች በተፈጥሯዊ ዘዴ መቀነስ፦ የባይካርቦኔት ድርሻ

በአማዞን ተፋሰስ የሚገኘው የሪዮ ኔግሮ ወንዝ ውኃ የሻይ መልክ ያለው ሲሆን፣ ፒኤቹም በብዙ ስፍራ 5 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። አሲዳማ የሆነው ከበሰበሱ ቅጠሎች በሚወጡ ሂውሚክ አሲዶች ምክንያት ብቻ አይደለም፤ አሲዱን የሚያመክነው ባይካርቦኔት በውኃው ውስጥ እጅግ አነስተኛ በመሆኑም ጭምር ነው። በዚህ ወንዝ ከሚኖሩት ዓሣዎች አንዱ የሆነውን ካርዲናል ቴትራን በመስታወት ገንዳ የሚያሳድጉ ሰዎች ደረቅ ቅጠል ወይም የእንጨት ጉማጅ ሲጨምሩ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ነው። እንደ ስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ባይካርቦኔት በበዛበት ውኃ ውስጥ ቅጠሉ ቀለም ከመስጠት አልፎ ፒኤቹን እምብዛም አይለውጥም፤ ቀለሙ ግን ተመልካቹን ያሳስታል።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት በቅድሚያ ሊለካ የሚገባው አልካሊነቱ ነው። እርሱንም ንጹሕ የዝናብ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ በመቀላቀል መቀነስ ይቻላል። ሆኖም ባይካርቦኔቱ ከተሟጠጠ ፒኤቹ በድንገት ያሽቆለቁላል፤ አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎችም ይዳከማሉ። የሚጠራቀመው አሞኒያ በአሲዳማ ውኃ ውስጥ በአመዛኙ መርዛማነቱ ዝቅተኛ በሆነው በአሞኒየም መልክ ስለሚቆይ አደጋው አይታይም። ባለቤቱ ደንግጦ አልካሊነቱ ከፍ ያለ ውኃ በብዛት ሲጨምር ግን ከአሞኒየሙ ከፊሉ ወደ መርዛማው አሞኒያ ይመለሳል፤ ዓሣዎቹ የሚያልቁትም ያን ጊዜ ነው።