ትምህርት ዘጠኝ፦ የተቋረጠ ሳቅ

ሀ. ቅድመ ንባብ

የምትወዱት የሬዲዮ ወይም የቴሌቪዥን ዝግጅት በድንገት ተቋርጦባችሁ ያውቃል? ምክንያቱስ ምን መስሏችሁ ነበር? ከተወያያችሁ በኋላ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ

ሳቅ ልማድ ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ ቤተሰቡን በቴሌቪዥን ዙሪያ የሚሰበስብ አስቂኝ ድራማ ከጊዜ ብዛት እንደ ጎረቤት ይታያል። ገጸ ባሕርያቱ በስማቸው ይጠራሉ፤ አነጋገራቸውም በማዕድ ላይ ይደገማል። እንዲህ የተለመደ ድራማ ሲቋረጥ ተመልካቹ ቢያዝን አያስደንቅም። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ብዙ ተመልካቾችን የገጠማቸው ይኸው ነው።

በዚያን ጊዜ ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት የገጠርን ሕይወት የሚያሳዩ በርካታ አስቂኝ ዝግጅቶች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው «ዘ ቤቨርሊ ሂልቢሊስ» ከእነዚህ አንዱ ነው። ድራማው በመሬታቸው ላይ ነዳጅ ዘይት ስለ ተገኘላቸው ድሆች የተራራ ሰዎች ይተርካል። ሰዎቹ በድንገት ከበሩ፤ በካሊፎርኒያ በባለጸጎች ሰፈር ታላቅ ቤት ይዘው ተቀመጡ፤ ነገር ግን የአገራቸውን ልማድ አልተዉም። ሳቁ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሳቅበት ገንዘባቸውን አይቶ የሚያጎበድደው ከተሜ ነበር። ድራማው በመጀመሪያዎቹ ሁለት የዝግጅት ዘመናት በተመልካች ብዛት ከአገሪቱ 1ኛ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1971 ግን ድርጅቱ ይህን ድራማ ከ«ግሪን ኤከርስ»፣ ከ«ሜይቤሪ አር.ኤፍ.ዲ.» እና የዘፈንና የቀልድ ዝግጅት ከነበረው ከ«ሂ ሃው» ጋር አቋረጠው። ምክንያቱ የተመልካች ማነስ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ባበቃው የዝግጅት ዘመን «ሜይቤሪ» 15ኛ፣ «ሂ ሃው» 16ኛ ነበሩ። የንግድ ቴሌቪዥን ገቢውን የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ የሚያስነግሩት ነጋዴዎች ደግሞ ብዙ ዕቃ ይገዛሉ ብለው የገመቷቸውን ወጣቶችና ከተሜዎች ይፈልጉ ነበር። አረጋውያንና የገጠር ሰዎች ቁጥራቸው ብዙ ቢሆንም በዚህ ሚዛን ቀለሉ። የቤቱ ባለቤት የመሰለው ተመልካች እንግዳ ሆኖ መኖሩን ያን ጊዜ ተረዳ።

እውነቱን ለመናገር፣ በምትካቸው የመጡት ዝግጅቶች ከንቱ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» ስለ ዘር መድልዎና ስለ ጦርነት በግልጽ እያነሣ ለ5 ተከታታይ የዝግጅት ዘመናት 1ኛ ሆኗል። ይሁን እንጂ አዲስ ጎረቤት ስለ መጣ የሄደው አይረሳም።

ከአራቱ «ሂ ሃው» የተለየ ዕድል ገጠመው። አዘጋጆቹ ለየአካባቢው ጣቢያዎች እየሸጡ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ አቆዩት። ታላቁ ድርጅት የናቀውን ተመልካች ትናንሾቹ ጣቢያዎች አከበሩት።

ሐ. የቃላት ፍች

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች ጻፉ።
1. ማዕድ  2. ከበሩ  3. የሚያጎበድደው  4. ቀለሉ  5. ከንቱ

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. አስቂኝ ድራማ በጎረቤት የተመሰለው ለምንድን ነው?
2. ድርጅቱ ዝግጅቶቹን ያቋረጠበት ዋና ምክንያት ምን ነበር?
3. «የቤቱ ባለቤት የመሰለው ተመልካች እንግዳ ሆኖ መኖሩን ተረዳ» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?
4. «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ጋር ምን ግንኙነት አለው?

ሠ. የጽሑፍ ልምምድ

የምትወዱት ዝግጅት እንደ ተቋረጠ አድርጋችሁ፣ ለጣቢያው ኃላፊ በአክብሮት የተጻፈ፣ ቅሬታን ከነምክንያቱ የሚገልጽ ባለ ሁለት አንቀጽ ደብዳቤ ጻፉ።