ለቃለ መጠይቅ ለምትቀርቢው ልጄ

ልጄ፣ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ ለእንግዳ ተቀባይነት ተወዳድረሽ ለቃለ መጠይቅ መጠራትሽን ሰምቼ ደስ አለኝ። በዚህ ሥራ ላይ ስላረጀሁ፣ ከጠያቂዎቹም ወገን ስለተቀመጥሁ የማውቀውን ልንገርሽ። በአገራችን በላስታ በታላቅ ፊት አንገት መድፋትን፣ ራስን አለማወደስን ያስተማርንሽ እኛው ነን። ጨዋነትሽን አትጣይው። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ዝምታሽ ባዶነት ይመስላል። የሠራሽውን ካልተናገርሽ ማን ይናገርልሻል?

1. ማስታወቂያውን ደጋግመሽ አንብቢ። ለተጠየቀው ችሎታ ሁሉ ከራስሽ ሥራ አንድ አንድ ማስረጃ ፈልጊ። የትምህርት ማስረጃሽን ዋናውንም ኮፒውንም ይዘሽ ቀደም ብለሽ ድረሺ።

2. «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉሽ ከትውልድ መንደርሽ አትጀምሪ። «በአክስቴ ምግብ ቤት ሒሳብ ይዣለሁ፤ የተቆጣ ደንበኛ ማረጋጋትን እዚያ ተማርሁ» በይ። ይህ ትዕቢት አይደለም። ትዕቢቱ «ከእኔ የሚሻል የለም» ማለት ነው።

3. «እንዲህ ቢያጋጥምሽስ?» ብለው ይፈትኑሻል። በገና ዋዜማ ከተማው በተሳላሚ ሞልቶ አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ ተይዞ ቢገኝስ? «ችግሩን እፈታለሁ» ማለት አይበቃም። ተራ በተራ ተናገሪ፦ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ አረፍ እንዲሉ ቡና አቀርባለሁ፣ ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ፣ ሌሎች ሆቴሎች ጋ ደውዬ ክፍል አፈላልጋለሁ፣ እንግዳው ማደሪያ እስኪያገኝ ጉዳዩን አልተውም።

4. እንግዳ የሚጠይቅሽን እነሱም ይጠይቁሻል። አሥራ አንዱን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በስም እወቂ፤ ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው መቆሙን፣ ዩኔስኮም ሁሉንም በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን አትርሺ። ያላወቅሽውን «አሁን አላውቀውም፤ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» በይ። ጠያቂዎቹ የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ የፈጠርሽው ወዲያው ይታወቅብሻል።

5. «በእነዚህ ዓመታት ለምን ሥራ አልያዝሽም?» ቢሉሽ አትሸማቀቂ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ፤ በ2013 ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ደረሰ፤ እንግዳ ጠፋ፣ ሆቴሎች ተዘጉ። ይህን በአጭሩ ተናግረሽ በዚያ ጊዜ የሠራሽውን አስከትዪ፤ እርሻ ማገዝም፣ ታናናሾችሽን ማስጠናትም ሥራ ነው።

6. ደመወዝ ሲጠይቁሽ «እንደ ፈቀዳችሁ» አትበይ። በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያሉትን አስቀድመሽ ጠይቂና ልክሽን ተናገሪ። «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽም ስለ ፈረቃውና ስለ ሙከራ ጊዜው ጠይቂ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም።

7. ወንድምሽን ጠያቂ አድርጊና መልሶችሽን ድምፅ አውጥተሽ ተለማመጂ። በልብ ያለቀ መልስ አፍ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል፤ እቤት የተነገረ ግን እዚያም አይጠፋሽም። እግዚአብሔር ይርዳሽ።