ትምህርት ሰባት፦ ጦቢያ ማን ናት? (ገጸ ባሕርይን ከአገር ለይቶ ስለ ማንበብ)

ሀ. መግቢያ

ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ጠባይ ሰጥቶ መናገር ሰውኛ ዘይቤ እንደሚባል ቀደም ሲል ተምራችኋል። «ዳሞታ የደመና ጋቢውን ተከናንቦ ሶዶን ቁልቁል ይመለከታል» ስንል ተራራው ዓይን አለው፣ ጋቢም ይለብሳል ማለታችን አይደለም። የወላይታ ሶዶ ልጅ ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ የሚያየው ተራራ ስለ ሆነ በዚህ አባባል አይታለልም። ዘይቤው ስለ አገር ሲሆን ግን ስሕተት ይበዛል። በአገር አምሳል የቀረበን ሰው አንዳንዱ በእርግጥ የኖረ ሰው ያደርገዋል፤ ሌላው ደግሞ አገሪቱ ራሷ እርሱ ብቻ እንደ ሆነች ይቈጥራል። ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ

በወላይታ ሶዶ በአንድ የዘጠነኛ ክፍል መምህሩ «ኢትዮጵያን በሰው አምሳል ሣሉ» ብለው አዘዙ እንበል። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ ሹሩባ የተሠራች፣ ነጭ ቀሚስና ነጠላ የለበሰች ወይዘሮ ሣሉ። አንዲት ተማሪ ግን በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ ጥለት የተሸመነ ዱንጉዛ የለበሰች፣ እንሰት የምትፍቅ አሮጊት ሣለች። ጓደኞቿም «ይህች አያትሽ ናት እንጂ ኢትዮጵያ አይደለችም» ብለው ሣቁባት። ልጅቱም «ታዲያ የእናንተዋ የማን አያት ናት?» ስትል መለሰችላቸው። ክፍሉ ዝም አለ።

ጥያቄዋ ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለው። አገር መልክ የላትም፤ መልክ የሚሰጣት ሠዓሊው ወይም ደራሲው ነው። የሚሰጣትም መልክ እርሱ ከሚያውቃቸው ሰዎች የተቀዳ ነው።

የሌሎችን አገሮች ልማድ ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ጆን ቡል የሚባለው የእንግሊዝ አምሳል የተፈጠረው ጆን አርበትኖት የተባለ ሐኪምና ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1712 በጻፈው የስላቅ ድርሰት ነው። ደራሲው በዘመኑ የነበረውን የአውሮፓ ጦርነት የጎረቤታሞች ክርክር አስመስሎ ሲያቀርብ፣ እንግሊዝን ቅን ነገር ግን ቶሎ የሚቈጣና በጠበቃ የሚታለል ጨርቅ ነጋዴ አደረጋት። ስለዚህ ጆን ቡል ከመነሻው የሚያስቅ ገጸ ባሕርይ ነበር። ከጊዜ በኋላ እንግሊዛውያን የኩራታቸው ምልክት አደረጉት።

የአሜሪካው «አጎት ሳም»ም እንዲሁ ነው። ፕሬዚዳንት የነበረ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን በዚህ ስም የተጠራ ፕሬዚዳንት አልነበረም። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1812 በተጀመረው ጦርነት ጊዜ ለሠራዊቱ ሥጋ ያቀርብ ከነበረው ከነጋዴው ከሳሙኤል ዊልሰን እንደ መጣ በልማድ ይነገራል። ጣቱን ወደ ተመልካቹ ቀስሮ የሚታይበትን ዝነኛ የምልመላ ሥዕል የሣለው ደግሞ ጄምስ ሞንትጎመሪ ፍላግ ሲሆን፣ ለፊቱ አርአያ ያደረገው የራሱን ፊት ነው። እንግዲህ ብዙዎች የአሜሪካ ፊት የሚሉት የአንድ ሠዓሊ ፊት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጦቢያን እናገኛለን። በጣና ዳር በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት አጭር መጽሐፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ ይታወቃል። በታሪኩ አንድ የክርስቲያን የጦር አለቃ አረመኔ ከተባሉ ጎረቤቶች ጋር በተደረገ ጦርነት ይማረካል፤ በኋላም በአንድ ለጋስ ነጋዴ ርዳታ ነጻ ይወጣል። ልጁ ዋህድ ውለታውን ለመመለስ ነጋዴውን ፍለጋ ሲሄድ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። መንታ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ወንድ መስላ በመታየቷም ብዙ የሚያስቅና የሚያስጨንቅ ነገር ይገጥማታል። በመጨረሻም የዚያ ወገን ንጉሥ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል፤ ዋህድም የንጉሡን ዘመድ ያገባል።

ሐ. ስለ ጦቢያ የሚነገሩ ስሕተቶች

አንደኛ፣ «መጽሐፉ ከመጀመሪያው ‹ጦቢያ› ተብሎ ታተመ» የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው እትም ርእስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። «ጦቢያ» የሚለው ርእስ የመጣው በኋለኛ እትሞች ነው። ይህን ዓይነቱን ድርሰት ዛሬ ሁላችንም «ልብ ወለድ» ብለን እንደምንጠራውም ልብ በሉ።

ሁለተኛ፣ «ጦቢያ በታሪክ የኖረች ጀግና ናት» የሚሉ አሉ። ርእሱ ራሱ ይህን ይከለክላል፤ ልብ የወለዳት እንጂ እናት የወለደቻት አይደለችም።

ሦስተኛ፣ «ታሪኩ በእገሌ ዘመን፣ በእገሌ አገር የተፈጸመ ነው» የሚሉ አሉ። ደራሲው ግን ዘመኑንም አገሩንም በስም ለይተው አልነገሩንም። አንባቢ ሊገምት ይችላል፤ ግምቱን ግን የደራሲው ቃል አድርጎ ማቅረብ የለበትም።

አራተኛ፣ «ጦቢያ ኢትዮጵያ ናት፤ ሌላ ትርጉም የላትም» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ «ጦቢያ» በሕዝብ አነጋገር የኢትዮጵያ መጠሪያ ነውና። ነገር ግን ልጅቱ በታሪኩ ውስጥ ትራባለች፣ ትፈራለች፣ ወንድሟን ትናፍቃለች። አገር ብቻ ብናደርጋት ሰውነቷ ይጠፋብናል።

ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ አለ። መጽሐፉ ከመታተሙ 13 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታን ወግቶ ንጉሡን ካዎ ጦናን ማርኳል። እንግዲህ ጦቢያ ኢትዮጵያ ከሆነች፣ «አረመኔ» የተባሉት ጎረቤቶች እነማን ናቸው? የወላይታ ተማሪ «አያቶቼ በዚህ ታሪክ በየትኛው ወገን ናቸው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መጽሐፉ ወላይታን በስም አይጠራም፤ ስለዚህ «ደራሲው ስለ ወላይታ ጻፉ» ማለት አንችልም። ነገር ግን ልጅቱን አገር አድርገን ያነበብን እኛ ነን፤ በዚህ ንባብ ከአገር ውጭ የሚቀረው ማን እንደ ሆነ የመመለስ ዕዳውም የእኛ ነው። አንዱ አንባቢ የታሪኩን ፍጻሜ፣ ጠላት የነበሩ ወገኖች በጋብቻ መታረቃቸውን ያመሰግናል። ሌላው ደግሞ ዕርቁ የተገኘው አንዱ ወገን እምነቱን በመለወጡ እንደ ሆነ ያመለክታል። ሁለቱም ከመጽሐፉ ማስረጃ አላቸው።

መ. የሰዋስው ማብራሪያ

የሚከተሉትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አወዳድሩ።

1. ጦቢያ ኢትዮጵያ ናት።
2. ጦቢያ ኢትዮጵያን ትወክላለች።
3. ጦቢያ ኢትዮጵያን እንደምትወክል አድርጎ ማንበብ ይቻላል።

በመጀመሪያው «ናት» የሚለው ግሥ ሁለቱን ስሞች አንድ ያደርጋቸዋል፤ በመካከላቸው ርቀት አይተውም። በሁለተኛው «ን» የተሳቢ ምልክት ስለ ሆነች፣ ወካይዋ ባለቤት፣ የምትወከለው ተሳቢ ሆነው ይለያያሉ። በሦስተኛው ደግሞ «ማንበብ ይቻላል» የሚለው ሐረግ ሐሳቡ የአንባቢው ትርጓሜ መሆኑን ይገልጻል።

ስለዚህ በድርሰታችሁ የተረጋገጠውን ነገር በ«ነው» ጻፉት፤ ለምሳሌ «መጽሐፉ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው»። ትርጓሜያችሁን ግን «ሊባል ይችላል»፣ «ይመስላል»፣ «ያሰኛል» በሚሉት ቃላት ግለጹ፤ ምክንያቱንም አስከትሉ። ማስረጃንና ትርጓሜን በአንድ «ነው» የሚያስር ጸሐፊ አንባቢውን ያሳስታል፤ ብዙ ጊዜም ቀድሞ የሚሳሳተው ራሱ ነው።

ከላይ የተጠቀሰችው ተማሪ ሥዕሏን አልቀደደችም። ከሥሩ «ኢትዮጵያ ይህች ብቻ ናት» ብላ ብትጽፍ ኖሮ የጓደኞቿን ስሕተት በደገመች ነበር። «ኢትዮጵያ ይህችንም ትመስላለች» ብላ ጻፈች። «ም» አንዲት ፊደል ናት፤ ለሌሎቹ ሥዕሎች ግን ቦታ ተወችላቸው።

ሠ. መልመጃ

1. ተማሪዋ «ታዲያ የእናንተዋ የማን አያት ናት?» ስትል ምን ማለቷ ነበር? በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
2. ጆን ቡል ከጦቢያ በምን ይለያል? ከአፈጣጠራቸው በመነሣት አስረዱ።
3. የሚከተሉትን «ማስረጃ» ወይም «ትርጓሜ» በማለት ለዩ፦ (ሀ) ጦቢያ የወንድ ልብስ ለበሰች። (ለ) የጦቢያ መንገድ የኢትዮጵያ መከራ ነው። (ሐ) የመጀመሪያው እትም ርእስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር።
4. በተራ ቍጥር 3 ትርጓሜ ያላችሁትን ዐረፍተ ነገር ትርጓሜነቱ እንዲታወቅ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ።
5. ድርሰት፦ ከመንደራችሁ ሰው አንዱን መርጣችሁ «ኢትዮጵያ ይህንንም ትመስላለች» በሚል ርእስ ሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን በመልክና በሥራ ግለጹ፤ በሁለተኛው አገርን ሊወክሉ የሚችሉበትን ምክንያት ስጡ፤ በሦስተኛው የእናንተ ሥዕል የማያሳየው ወገን ማን እንደ ሆነ በቅንነት አመልክቱ።