ለአዲሷ መራጭ

ልጄ፣ ዜግነትሽን ባገኘሽ ሰሞን የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ ሲደርስሽ ደውለሽ፣ «ጋሼ፣ ማንን ልምረጥ?» አልሽኝ። እሱን ራስሽ ወስኚ። ሎስ አንጀለስ ስኖር ያየሁትን ግን ልንገርሽ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከተወዳዳሪዎቹ ስም አልፈሽ የግብር ጥያቄዎቹን አንብቢ። የአውቶቡሱ፣ የቤተ መጻሕፍቱ፣ የትምህርት ቤቱ ነገር የሚቆረጠው እዚያ ነው።

2. ጥያቄው ለማለፍ ስንት ድምፅ እንደሚፈልግ እዪ። በ2008 ለባቡርና ለአውቶቡስ የሚውል፣ በየ100 ዶላሩ ግዢ 50 ሳንቲም ግብር ቀርቦልን 68 በመቶ ገደማ ደግፎት አለፈ። በ2022 ክሬንሾ ላይ ሥራ የጀመረው ባቡር ከዚያም ገንዘብ ነው የተሠራው። በ2012 ግብሩ ለተጨማሪ 30 ዓመት ይራዘም ተብሎ ተጠየቅን። ከ66 በመቶ በላይ የሚሆነው «አዎ» አለ፤ ግን ወደቀ። ለማለፍ የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ለመሙላት አንድ በመቶ እንኳ የማይሞላ ድምፅ ጎደለው። በማግስቱ ፌርፋክስ ላይ፣ ጥላ በሌለው ፌርማታ፣ አንዲት እናት ሁለት ፌስታላቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ከፀሐይ ጋርደው አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር። ስለ ድምፁ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

3. የሁለት ሦስተኛው ደንብ ከየት እንደመጣ እወቂ። በ1970ዎቹ የቤት ዋጋ ሲንር ግብሩም አብሮ ናረ፤ ጡረተኞች ቤታችንን ልናጣ ነው ብለው ፈሩ። እውነታቸውን ነው፣ አልፈርድባቸውም። በ1978 በመራጩ ድምፅ የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 የቤት ግብሩን ገደበ፤ ለተለየ ዓላማ የሚጣል የአካባቢ ግብርንም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አሰረው። ራሱ ያለፈው ግን ሁለት ሦስተኛ ባልሞላ ድምፅ ነው። ይህ ለኔ ፍትሕ አይደለም።

4. እንዲህ ባለ ደንብ አንድ «አይ» ለማካካስ ሁለት «አዎ» ያስፈልጋል። የምትደግፊው ከሆነ ብቻሽን ፈርመሽ አትቀመጪ፤ ጎረቤትሽንም አስታውሺ።

5. ደንብ ይለወጣል። የትምህርት ቤት ግንባታ ቦንድ ከሁለት ሦስተኛ ወደ 55 በመቶ የወረደው በ2000 በመራጩ ድምፅ ነው።

ወረቀቱን ገና ካልላክሽው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሽው ነይ፤ አብረን እናንብበው።