የወኪል ጋራዥ ወይስ የራስ ጥገና? የቦርደዴ መስመር ባለንብረቶች ሒሳብ

ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ላይ ጫት የጫነ መኪና ቦርደዴ ደርሶ ቢቆም ገበያው አይጠብቀውም። ቅጠሉ በተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። በመሆኑም በምዕራብ ሐረርጌ መስመር ለሚሠራ ባለንብረት፣ መኪናን ለወኪል ድርጅት ጋራዥ መስጠት ይሻላል ወይስ በራስ መጠገን የሚለው ጥያቄ በደረሰኝ ላይ በሰፈረው ሒሳብ ብቻ የሚወሰን አይደለም።

የወኪል ጋራዥ ጥቅም ግልጽ ነው። ቶዮታን እንደሚወክለው ሞኤንኮ ያሉ ድርጅቶች የፋብሪካውን መለዋወጫና የምርመራ መሣሪያ ይዘው ይሠራሉ። ሕጋዊ ደረሰኝም ይሰጣሉ፤ የሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ ነጋዴ ያለ ደረሰኝ የወጣ የጥገና ወጪ ከግብር አይቀነስለትም። ችግሩ ርቀቱ ነው። ከጭሮ አዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ አይሱዙ በቀን የተጣራ 5,000 ብር ያስገባል ቢባልና ለሰርቪስ ሦስት ቀን ቢቆም፣ ዘይቱ ሳይቀየር 15,000 ብር ሄደ ማለት ነው። ጭነት ይዞ አዲስ አበባ የሚገባ መኪና ግን ቀጠሮ አስቀድሞ ተይዞለት ባራገፈበት ዕለት ጋራዥ ቢገባ ኪሳራው ወደ አንድ ቀን ይወርዳል።

“ራሴ እሠራዋለሁ” የሚለው ባለንብረት በበኩሉ የሚያተርፈው በአብዛኛው የእጅ ዋጋን ነው። ዕቃው ያው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የዶላሩን እግር ይከተላል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሁሉም ይገኛል፤ ኦሪጂናሉም፣ ኦሪጂናል የተባለውም። በፊልትሮ ላይ የተቆጠበች ጥቂት ብር ሞተር ልታስበላ ትችላለች።

ይሁንና ሾፌርና ረዳት ሊሠሩት የሚገባ፣ ወኪል ዘንድ ይዞ መሄዱም ብክነት የሆነ ሥራ አለ። ዘይትና ፊልትሮ መለወጥ፣ የአየር ማጣሪያን አቧራ ማራገፍ፣ ቺንጊያ ማየት ከዚህ ይመደባሉ። ቦርደዴ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ራዲያተርን አይምርም። የራዲያተር ክዳን ውሃውን በግፊት ይዞ ከ100 ዲግሪ በላይ ካልሆነ እንዳይፈላ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ጤነኛ ራዲያተርም ይፈላል። ይህን ርካሽ ክዳን መለወጥ ሲገባ ቴስታታ ማስፈታት የሚያሳዝን ወጪ ነው። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን መክፈት ግን ፊት ያቃጥላል።

ፍሬን ሌላ ነገር ነው። ጭሮ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ሚኤሶ የሚወርደው መንገድ የተጫነ መኪናን ፍሬን ያግላል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ገደማ ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ ፔዳሉም ባዶ ይረግጣል። “ፍሬን በጠሰ” ከሚባለው አደጋ አንዳንዱ ምንም ነገር ያልተበጠሰበት ነው። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስለወጥ፣ ፍሬንን፣ መሪንና የነዳጅ ፖምፓን ለባለሙያ መተው ይገባል። እዚህ ላይ የእጅ ዋጋ መቆጠብ የሰው ሕይወት ማስያዝ ነው።

ዋስትናው ያላለቀ አዲስ መኪና ያለው ሰው ውሉን ሳያነብ ቡሎን ባይፈታ ይሻለዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ባትሪያቸው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚይዝ የጓሮ መፍቻ አይነካቸውም።

ለአሮጌው መኪና በየከተማው ያለው ጋራዥ መካከለኛው መንገድ ነው፤ ባለንብረቱ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ካቀረበና የተፈታውን አሮጌ ዕቃ መልሶ ከተረከበ። ቀኑን፣ የኪሎ ሜትሩን ንባብና የወጣውን ብር በአንድ ደብተር ያስፍር። መኪናው ለሽያጭ ቀርቦ ገዢው ዋጋ ለመስበር ሲነሳ ያ ደብተር ይገለጣል።