የግቢ ዛፍ በኢንተርኔት ካርታ እንዴት ይገኛል? ለአሰላ ተማሪዎችና ለተክል ወዳጆች

ኮሶን ለዘር የሚፈልግ ሰው ዛፉን ስላገኘ ብቻ ሥራው አያልቅለትም። ኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባውን በተለያየ ዛፍ ላይ ያወጣል፤ ዘር የሚለቀመው ከሴቴው ነው። በአሰላ የሚማር የግብርና ተማሪ ወይም የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ «ኮሶ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ «ከዚያ ማዶ» የሚል መልስ አይጠቅመውም። የትኛው ዛፍ እንደሆነ፣ ከየትኛው ሕንፃ ጀርባ እንዳለ፣ አበባው በየትኛው ወር እንደታየ ማወቅ አለበት። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚይዝ መሣሪያ ዛሬ በሞባይል ይከፈታል፤ ነጥቡን ሲነኩት ፎቶ፣ ስምና ቀን የሚያወጣ ካርታ ነው።

በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዛፍ ማዕከል የሆነው አርኖልድ አርቦሬተም ተክሎቹን በእንዲህ ዓይነት ካርታ ላይ አስቀምጦ ለጎብኚ ከፍቷል። የኒውዮርክ ከተማም ከ600 ሺህ በላይ የመንገድ ዳር ዛፎቿን አስቆጥራ ማንም በስልኩ እንዲያያቸው አድርጋለች። አሰላ ላይ ለመጀመር ግን በጀት ተመድቦ የራሳችን ድረ ገጽ እስኪሠራ መጠበቅ የለብንም። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ኢናቹራሊስት የተባለው ነጻ መድረክ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ እ.ኤ.አ. በ2014 በተቋቋመው በአርሲ ዩኒቨርሲቲ የአሰላ ግቢዎች፣ በቁሉምሳ የምርምር ማዕከል ዙሪያ፣ በማንኛውም ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም ይሠራል።

መጀመሪያ ስሙን ያዙ

ካርታው የሚፈልገው ሳይንሳዊውን ስም ነው። ጽድ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ ኮሶ ሃጌኒያ አቢሲኒካ፣ ጥቁር እንጨት ፕሩነስ አፍሪካና ይባላል። በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ለማግኘት የአዘነ በቀለ ተሰማን የኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች መጽሐፍ ተመልከቱ፤ በየቋንቋው ያለውን የዛፍ ስም ከሳይንሳዊው ጋር ያዛምዳል። አርሲ ውስጥ ይህ ማዛመድ በጣም ያስፈልጋል። ዛፉን ከልጅነቱ የሚያውቀው የግቢው አትክልተኛ ኮሶን ሄቶ፣ ወይራን ኤጀርሳ፣ ዝግባን ቢርቢርሳ፣ ብሳናን በካኒሳ፣ ዋንዛን ወዴሳ፣ ጥቁር እንጨትን ሆሚ ብሎ ሊነግራችሁ ይችላል። በደብተራችሁ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩና አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና ሳይንሳዊውን ስም ጎን ለጎን ጻፉ። ከካርታው ፊት የምትቀመጡት ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ ይሁን።

ግቢውን ማጥበብ

የኢናቹራሊስትን ድረ ገጽ ክፈቱና «ኤክስፕሎር» የሚለውን ተጫኑ። ከተቻለ በኮምፒውተር ይሁን፤ በስልክ ስክሪን ላይ ማጣሪያዎቹን ማየት አድካሚ ነው። በቦታ መፈለጊያው ላይ አሰላ ብላችሁ አስገቡ። ካርታው ሌላ ቦታ ከወሰዳችሁ ከተማዋ በግምት 7.95 ዲግሪ ሰሜንና 39.13 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ መሆኗን አስታውሱ። ከዚያ የካርታውን መልክ ወደ ሳተላይት ቀይሩት። የመንገድ ካርታው የግቢውን ውስጥ ባዶ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ በሳተላይቱ ግን የቆርቆሮ ጣሪያው፣ የኳስ ሜዳው፣ የዛፍ መደዳው ጭምር ይታያል። የግቢው አጥር ስክሪኑን እስኪሞላ ድረስ አጉሉና «ሪዱ ሰርች ኢን ማፕ» የሚለውን ተጫኑ። ይህን ካልነካችሁ የምታዩት ውጤት የከተማው በሙሉ ሆኖ ይቀራል።

የተተከለው ዛፍ ለምን አይታይም?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። ነጥብ ላይኖር ይችላል፤ ወይም ሣርና አረም ብቻ ወጥቶ ትልልቆቹ ዛፎች የሉም። ምክንያቱ መድረኩ የተሠራው በዋናነት በራሱ ለበቀለ ተክል መሆኑ ነው። ሰው የተከለው ዛፍ በትክክል ሲመዘገብ «ካልቲቬትድ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ካርታው ደግሞ ካልነገራችሁት በቀር እንዲህ ያለውን አያሳይም። የግቢ ዛፍ አብዛኛው የተተከለ ነው። ስለዚህ «ፊልተርስ» የሚለውን ክፈቱ፣ «ቬሪፋያብል» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሱ፣ እንደገና ፈልጉ።

ይህን ማድረግ በአሰላ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ለጽድ፣ ለወይራና ለኮሶ ትመቻለች። ሆኖም በመንገድና በግቢ ዳር የምናየው ሌላም ብዙ አለ፤ ከአውስትራሊያ የመጡት ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ፣ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጽድ፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ጃካራንዳ። ማጣሪያው ሳይነሳ የተገኘ ዝርዝር የግቢውን እውነተኛ መልክ አያሳይም።

ማጣሪያውን አንስታችሁም ነጥብ ካላያችሁ ዛፉ የለም ብላችሁ አትደምድሙ። ማንም አልመዘገበውም ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካን የተፈጥሮ ዕፅዋት ክልል የሚያሳየውን «ቬጅቴሽን ማፕ ፎር አፍሪካ» የተባለውን ካርታ ክፈቱ። አሰላ የትኛው የዕፅዋት ክልል ውስጥ እንደምትወድቅና በዚያ ክልል የትኞቹ አገር በቀል ዛፎች እንደሚጠበቁ ይነግራችኋል። ያ ዝርዝር በእግር ስትዞሩ ምን መፈለግ እንዳለባችሁ ያሳያችኋል።

ነጥቡን ማንበብ

አንድን ነጥብ ስትነኩ አራት ነገር ተመልከቱ።

በመጀመሪያ ቅርጹን። ከታች ሹል ያለው ምልክት ትክክለኛ ቦታ ነው። ክብ ብቻ ከሆነ ቦታው ሆን ተብሎ ተደብቋል። መድረኩ ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን ቦታ ሊደብቅ ይችላል፤ መዝጋቢውም ራሱ መደበቅ ይችላል። የተደበቀ ነጥብ በግምት 22 ኪሎ ሜትር በ22 ኪሎ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ በዘፈቀደ ይጣላል። ለምሳሌ ጥቁር እንጨት ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት በዓለም ገበያ ስለሚሸጥ ንግዱ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። በግቢው ውስጥ ያለ ጥቁር እንጨት ቦታው ተደብቆ ከሆነ ነጥቡ ከከተማው ውጭ በስንዴ ማሳ መሃል ሊወድቅ ይችላል። እዚያ ሄዳችሁ አትድከሙ።

ቀጥሎ የትክክለኝነቱን ልክ፣ ማለትም «አኪዩረሲ» የሚለውን ቁጥር። 5 ሜትር ከሆነ ዛፉ ሥር ያደርሳችኋል፤ 500 ሜትር ከሆነ ግን ግቢውን ሁሉ ያጠቃልላል። የስልክ ጂፒኤስ በሜዳ ላይ ጥሩ ይሠራል፤ በወፍራም የዛፍ ጥላ ሥርና በፎቅ ሥር ይሳሳታል። በዲግሪ የተጻፈውን ቁጥር ስታዩም ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ካለው ወደ 11 ሜትር፣ አምስት ካለው ወደ 1 ሜትር ድረስ የሚጠቁም መሆኑን ልብ በሉ።

ከዚያ ቀኑን። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ መለወጥ ያስፈልጋል፤ መስከረም የሚውለው ከሴፕቴምበር 11 ገደማ እስከ ኦክቶበር 10 ነው። አደይ አበባን የምትፈልጉ ከሆነ የኤፕሪል ፎቶ ምን ይሆንላችኋል? በማጣሪያው ውስጥ ወር መምረጥ ስለሚቻል ሴፕቴምበርንና ኦክቶበርን ብቻ አስቀሩ። ለኮሶ አበባ ደግሞ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ፈልጉ።

መጨረሻ ላይ ስሙን ማን እንዳረጋገጠው እዩ። ኮምፒውተሩ ፎቶ አይቶ የሚሰጠው ግምት ጠቃሚ ነው፤ ግን ግምት ነው። አንድ ሰው ብቻ የሰየመውን ነጥብ እንደ ጥቆማ ያዙት።

ያለ ዳታ መሄድ

ግቢው ውስጥ ስትዞሩ ኔትወርክ ቢጠፋ ሥራው እንዳይቆም ካርታውን አስቀድማችሁ በስልካችሁ ያዙ። ነጥቦቹ ጥቂት ከሆኑ እያንዳንዱን ከሳተላይት ምስሉ ጋር ስክሪንሾት ማንሳት በቂ ነው። ብዙ ከሆኑ በኢናቹራሊስት አካውንት ከፍታችሁ መረጃውን በሰንጠረዥ መልክ አውርዱ፤ ሰንጠረዡን ጉግል ማይ ማፕስ ላይ ጫኑት፣ ከዚያ በኬኤምኤል ፋይል አውጥታችሁ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራው ኦርጋኒክ ማፕስ ክፈቱት። የኢትዮጵያን ካርታ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ቀድማችሁ አውርዱ። መታወቂያ መያዝና ለጥበቃዎቹ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ መንገርም አይረሳ፤ በግቢ ውስጥ ፎቶ እያነሳ የሚዞር ሰው መጠየቁ አይቀርም።

ከዛፉ ሥር

ካርታው የሚያደርሳችሁ እስከ ጥቂት እርምጃ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የምትጨርሱት በዓይን፣ በእጅና በአፍንጫ ነው። በአርሲ ደጋ በጣም የሚያሳስተው የጽድና የፈረንጅ ጽድ ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከሩቅ ሁለቱም ጥቁር አረንጓዴ፣ ቀጥ ያሉና ቅጠላቸው ቅርፊት መሳይ ነው። ፍሬያቸውን ስታዩ ግን ይለያያሉ። የአገራችን ጽድ ፍሬ ከአተር የማይበልጥ፣ ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር የሚያደላ ነው። የፈረንጅ ጽድ ፍሬ ትልቅና ክብ ነው፤ ሲደርቅ እንደ እንጨት ይጠነክርና በየክፍሉ ይሰነጠቃል፤ በየክፍሉ ላይም ትንሽ ሹል አለች። ዛፉ ላይ ፍሬ ካጣችሁ ከሥሩ መሬት ላይ ፈልጉ፤ የፈረንጅ ጽድ ደረቅ ፍሬውን ይጥላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ጽድም እንደ ኮሶ ወንዴና ሴቴው በአብዛኛው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሆነ ፍሬ የሌለው ጽድ ወንዴ ሊሆን ይችላል። ዝግባም እንዲሁ ነው፤ እሱን ግን ረጃጅምና ጠባብ ቅጠሉ ወዲያው ይለየዋል።

ግራቪሊያና ጃካራንዳ ሁለቱም የተሰነጣጠቀ ቅጠል ስላላቸው ሐምራዊው የጃካራንዳ አበባ በሌለበት ጊዜ ያምታታሉ። ቅጠሉን ገልብጡት፤ የግራቪሊያ ጀርባው ብርማ ነው። የወይራ ቅጠል ከላይ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲያንጸባርቅ ጀርባው ፈዛዛ ነው። የጥቁር እንጨትን ቅጠል በጣታችሁ ስታሹት መራራ ለውዝ የመሰለ ሽታ ይሰጣል። በጥርጣሬ ከቀራችሁ ከ1989 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በስምንት ቅጽ የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ አለ፤ ለባለሙያ የተጻፈ ስለሆነ ከመምህር ጋር ተቀምጦ ማየቱ ይመረጣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየምም የደረቁ ናሙናዎችን ይዟል።

አትክልተኛውን መጠየቅ ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ዛፉ መቼ እንደተተከለ፣ ችግኙ ከየት እንደመጣ፣ ባለፈው ዓመት አብቦ እንደነበር ካርታ የማያውቀውን እሱ ያውቃል። «አባባ፣ ይሄ ዛፍ ምን ይባላል?» ብሎ መጀመር ይቻላል፤ የሚነግራችሁን ቃል በቃል ጻፉ።

የራሳችሁን ነጥብ መጨመር

ዛፉን ካረጋገጣችሁ በኋላ መመዝገብ ደቂቃዎችን ብቻ ይጠይቃል። አራት ፎቶ አንሱ፤ ሙሉ ዛፉን፣ ቅርፊቱን፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ አበባውን ወይም ፍሬውን። ፎቶውን ስታነሱ የስልኩ የቦታ መጠቆሚያ የተከፈተ መሆኑን እዩ። ኔትወርክ ባይኖርም መተግበሪያው ይዞት ቆይቶ በኋላ ይልከዋል። ጂፒኤሱ ከሳተ ነጥቡን በሳተላይቱ ምስል ላይ በጣታችሁ ወደ ትክክለኛው የዛፍ ራስ ጎትቱት። ዛፉ የተተከለ ከሆነ «ካልቲቬትድ» የሚለውን ምልክት አድርጉ፤ ለተመራማሪ የውሸት መረጃ እንዳይሆን ይህ ግዴታ ነው። ዛፉ ቅርፊቱ የሚገፈፍ ዓይነት ከሆነ ቦታውን ደብቁት።

ከሁሉ በላይ የማስታወሻውን ሣጥን ባዶ አትተዉት። የአማርኛና የኦሮምኛ ስሙን ጻፉበት፤ ከየትኛው ሕንፃ በየት በኩል እንደሆነ፣ ወንዴ ይሁን ሴቴ፣ አበባና ፍሬ ይኑረው አይኑረው። የኮሶ ሴቴ አበባ ዘለላ ወደ ቀይ የሚያደላና ከበድ ያለ ነው፤ የወንዴው ቀለል ያለና ፈዛዛ ነው። ሁለቱን በአበባ ጊዜ አይታችሁ ከመዘገባችሁ፣ ዘሩ ሲደርስ ለለቀማ የሚወጣው የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ መሰላሉን ቀጥታ ወደ ሴቴው ይዞ ይሄዳል።